ጠርዙ በእጃችን ይሠራ፣ ኮሶው በቦታው ይቁም

የአቀስታና የለጋምቦ ነዋሪዎች፣ ከመካነ ሰላም፣ ከቦረናና ከሳይንት የመጣችሁ እንግዶች፣ በተለይም በመጋዝና በመላጊያ ቤተሰብ የምታስተዳድሩ አናጢዎች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ ጠረጴዛ ጠርዝ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። ከጠርዙ ጀርባ ግን ዛፍ አለ፤ ከዛፉም ጀርባ የቦረና ሳይንቱ ደንቆሮ ጫካና የየደብሩ አጸድ አሉ፤ ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ብንሰጠው አይበዛበትም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ የቤት ዕቃ መሸጫዎችና ሆቴሎች አንድ ዓይነት ጠረጴዛ ተወዳጅ ሆኗል። ጎኑ እንደ ወትሮው በመላጊያ ቀጥ ብሎ አልተስተካከለም፤ ቅርፊቱ ከተላጠ በኋላ የግንዱ መጉበጥና መታጠፍ እንዳለ ቀርቷል። ለምግብ ጠረጴዛ፣ ለባንኮኒ፣ ለመደርደሪያ ይውላል፤ አንዳንዱ ስንጥቁ ኢፖክሲ በተባለ ሙጫ ተሞልቶ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። የአዲስ አበባ ፋሽን ደግሞ ውሎ አድሮ ደሴና ኮምቦልቻ፣ ከዚያም እዚህ መድረሱ አይቀርም። ደንበኛው መጥቶ «እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ሥራልኝ» ሲል አናጢው ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ትልቅና አሮጌ ዛፍ ፈልጎ ከግንዱ ወርድ ሙሉ ጣውላ ማውጣት ነው። ሁለተኛው በገበያ የሚገኘውን ተራ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣውላ ወስዶ የግንድ ጠርዝ መልክ በእጁ መቅረጽ ነው። ለዚህ ደጋ የሚበጀው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ በጥንቃቄ ከተሠራና በስሙ ከተሸጠ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ብዙዎች «ማስመሰል ነው» ብለው ስለሚጸየፉት ለአቋሜ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅብኛል።

በመጀመሪያ እውነተኛው የግንድ ጠርዝ ምን እንደሚጠይቅ እንይ። በሁለቱም ጎኑ የግንዱ ጠርዝ ያለበት 70 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ አንድ ወጥ ጣውላ ለማውጣት ግንዱ ራሱ ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ መወፈር አለበት። በየጓሯችን ለአጣናና ለማገዶ የምንተክለው ባሕር ዛፍ እዚህ ውፍረት ሳይደርስ ነው የሚቆረጠው። እንዲህ የወፈረ ግንድ ያላቸው የአያት ቅድመ አያት ዛፎች ናቸው፤ በደጋው ኮሶ፣ ጽድና ወይራ፣ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሲወረድ ደግሞ ዋንዛ። ዛፉ ከወደቀም በኋላ ሥራው አላለቀም። በአየር ለሚደርቅ ጣውላ አናጢዎች የሚከተሉት የልምድ ልክ ለየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ነው፤ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የጠረጴዛ ገበታ ሁለት ዓመት ያህል ጥላ ሥር ተደርድሮ ይቆያል ማለት ነው። እንጨት ደግሞ ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሰበሰብም። በዓመታዊ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሰበሰበው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚሰበሰበው በግምት እጥፍ ይሆናል። በዚህ የተነሣ የግንዱን ልብ ይዞ የተሰነጠቀ ሰፊ ጣውላ ተቻኩለው ከሠሩበት መሐሉን ይተረተራል፤ ወይም እንደ ገበቴ ይጎደጉዳል። ማድረቂያ ቤትና ሁለት ዓመት የሚታሰር ገንዘብ የሌለው የወረዳ አናጢ ይህን ሁሉ ልቻለው ቢል የሚከስረው እሱ ነው፤ የሚያልቀውም ዛፉ ነው።

እነዚያ ዛፎች ዛሬ የት እንዳሉ የዚህ አገር ሰው ከእኔ በላይ ያውቃል። ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ሲኬድ በእርሻና በግጦሽ መሐል የሚታየው አረንጓዴ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ኮሶው፣ ጽዱና ወይራው የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ፣ በአንዳንድ የመቃብር ስፍራ፣ ከሁሉም ይልቅ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ እምብርት በሆነው በደንቆሮ ጫካ ነው። ጫካው ከታች ጽድና ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ በላይ አስታና ጅብራ ይዞ እስከ ውርጩ ይወጣል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ከበሽሎ ማዶ በደቡብ ጎንደር የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት እንጨታማ ተክሎች መዝግበዋል። በአጥር የታጠሩ 28 ትናንሽ ደሴቶች ይህን ያህል ሀብት መያዛቸው ከአጥሩ ውጭ ምን እንደጠፋ ያስረዳል። መንግሥትም ይህን ከተረዳ ቆይቷል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ዋንዛን በስም ጠርቶ ከደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በቁጥር 542/1999፣ ኋላም በቁጥር 1065/2010 ተተክቷል፤ ያ ቀደምት አዋጅ የጠራቸው አራቱ ዛፎች ግን የእንጨት ሥራ ፋሽን ዛሬም መጀመሪያ የሚያያቸው ናቸው። መልካቸው ያምራል፤ የዋንዛና የኮሶ ቅላት፣ ከአራቱ ውጭ ደግሞ የወይራው ዝንጉርጉርነት ማንንም ይማርካል። ፋሽን የሚፈልገው ደግሞ ወፍራሙን፣ አሮጌውን፣ ጠማማውን ነው፤ ዘር የሚያፈሰው እናት ዛፍም ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። «ባሕር ዛፍም እኮ ግንድ ነው፤ የራሱ የተፈጥሮ ጠርዝ አለው። ለምን ማስመሰል አስፈለገ? የራሱን ጠርዝ ለምን አንጠቀምም?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከእንጨቱ ጠባይ ይመጣል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ገደማ ወደ አገራችን ሲገባ የተፈለገው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ፈጥኖ ስለሚደርስ ነው። ፈጥኖ ሲያድግ ግንዱ ውስጥ የታመቀ ውጥረት አብሮት ያድጋል፤ መጋዝ ሲያርፍበት ያ ውጥረት ይፈታና ጣውላው ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ከዚህ በላይ ችግሩ ያለው በጠርዙ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ የውጭ እንጨት ለዛፉ ምግብ የሚጠራቀምበት ክፍል ስለሆነ ነቀዝ የሚወደው እሱን ነው፤ እንደ ውስጠኛው፣ ጠቆር እንደሚለው የልብ እንጨት አይጠነክርም። ከወጣት ባሕር ዛፍ የተፈጥሮ ጠርዝ ይዞ የተሠራ ጠረጴዛ ማለት እጅና ክርን የሚያርፉበትን ቦታ በደካማው ክፍል መሥራት ነው። ቅርፊቱ አብሮ ከቀረማ የባሰ ነው፤ እንጨቱ ሲሰበሰብ ቅርፊቱ ይለቃል፣ ከሥሩም ትል ይሰፍርበታል። አናጢው ግን የውጩን ነጭ እንጨት ቆርጦ ጥሎ፣ ወደ ልቡ ጠጋ ካለው ጠንካራ ክፍል አዲስ ጠርዝ ቢቀርጽ የጠርዙ መልክ ይኖራል፤ ድክመቱ አብሮት አይመጣም። በጥንካሬ ከሄድን የተሠራው ጠርዝ ከተፈጥሮው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሥራው ግን እንዲሁ ማጣመም አይደለም፤ ነገሩን የሚያበላሸውም ይህ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። የጣውላውን ጎን በዘፈቀደ እንደ ማዕበል አወዛውዞ የቆረጠ ሰው የሚያገኘው የተቆረጠ ማዕበል ነው፤ ማንም ሰው ሩቅ ሆኖ እንኳ ያውቅበታል። ጥሩ ሠሪ መጋዝ ከማንሣቱ በፊት ጣውላውን ያነባል። በመጀመሪያ ጫፉን አዙሮ ቀለበቶቹን ያያል። የቀለበቶቹ ቅስት የሚያብጥበት ፊት በዛፉ ላይ ሳለ ወደ ቅርፊቱ የነበረው ነው፤ የሚጎድልበት ደግሞ ወደ ልቡ የነበረው። ግንድ ክብ ስለሆነ ከተሰነጠቀ በኋላ የቅርፊቱ ፊት ሁልጊዜ ከልቡ ፊት ይጠብባል። ስለዚህ የሚቀረጸው ጠርዝ ከቅርፊቱ ፊት ወደ ልቡ ፊት ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። ይህ ከተገለበጠ ዓይን ምክንያቱን ሳያውቅም «አንድ ነገር ተዛብቷል» ይላል። ከዚያ የጣውላውን ፊት ያያል። ጅማቱ በቀጥታ የሚሄድበት ቦታ ጠርዙም ቀጥ ብሎ ይሂድ፤ ጅማቱ ሲታጠፍ ጠርዙም አብሮት ይታጠፍ። ጉጥ ያለበት ቦታ ላይ ዛፍ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ግንዱ ስለሚያብጥ፣ መስመሩ ወደ ውጭ ገፋ ብሎ ቀስ በቀስ ይመለስ። ከሁሉም በላይ አንድ እጥፋት እንደ ጥልፍ እየተደጋገመ አይምጣ፤ በአንድ ጎን ረጅም ዝምታ፣ በሌላው ጎን ድንገተኛ ጎድጓዳ ቢኖር ለግንድ ይቀርባል። መስመሩን በእርሳስ ሲያሰምሩም ሽቅብ ቁልቁል እየሄዱ ሳይሆን ከጣውላው ጫፍ ቆመው፣ ዓይንን ዝቅ አድርገው ርዝመቱን እያዩ ቢሆን ይመረጣል።

ለመቁረጥ ጂግሶ የተባለው የኤሌክትሪክ መጋዝ ያለው አናጢ ምላጩን እስከ 45 ዲግሪ ማጋደል ይችላል፤ ጋደል የሚልበትን ልክ በየቦታው ጥቂት ቢያለዋውጠው ደግሞ ይበልጥ ግንድ ይመስላል። ጂግሶ ከሌለ፣ ወይም እንደ ብዙ ቀን መብራት ከጠፋ፣ የእጅ መጋዝ ይበቃል። ከጎኑ ወደ መስመሩ በየሦስትና በየአራት ሳንቲ ሜትሩ እየቆረጡ መግባት፣ ከዚያ በመካከላቸው የቀረውን በመሮ ገንጥሎ ማውጣት፣ የቀረውን ሻካራ በሞረድ ማስተካከል ነው። ጥርብ ሥራ የለመደ ሰው ደግሞ በስለታም መጥረቢያ ቀስ እያለ ቢያወርደው ከማሽን ይልቅ ለተፈጥሮ የሚቀርብ ገጽ ይተውለታል። ቀጥሎ የሽቦ ብሩሽ ይመጣል። ብሩሹን በጅማቱ አቅጣጫ አጥብቆ መሳብ ለስላሳውን የቀለበት ክፍል ይፍቅና ጠንካራውን ያስቀራል፤ ቅርፊት የተላጠበት ግንድ ላይ የሚታየው ስስ ሸንተረር የሚወጣው በዚህ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ሲታከል ሹል የሆነው ሁሉ ይለዝባል፤ ሸንተረሩ ግን እንዳይጠፋ በጠርዙ ላይ እጅን ማቅለል፣ በገበታው ላይ ማጠንከር ያስፈልጋል።

ቀለሙን በተመለከተ ከውጭ የሚመጣ ማቅለሚያ መግዛት ግድ አይደለም። አቼቶ ውስጥ የዛገ ሚስማር ጥቂት ቀን ተነክሮ ሲቆይ፣ ያ ውኃ እንጨት ላይ ሲቀባ በእንጨቱ ካለው ታኒን ጋር ተዋሕዶ ያጠቁረዋል። ባሕር ዛፍ ታኒን ስላለው ይቀበለዋል። በስስ ብሩሽ ጠርዙ ላይ ብቻ ሲቀባ ቅርፊት የነበረበት ቦታ የሚመስል ጥቁር መስመር ይሰጣል፤ አስቀድሞ ግን በቁራጭ ላይ መሞከር ይገባል፣ አንዴ ከጠቆረ ወደ ኋላ የለምና። ማሳረጊያው ደግሞ ከጓሯችን አለ፤ የተልባ ዘይት። የወሎ ደጋ ተልባ ያበቅላል፤ ዘይቱ በአየር ሲደርቅ የሚጠነክር በመሆኑ በዓለም ሁሉ የእንጨት ሠሪዎች ዘይት ሆኖ ኖሯል። በጣም ስስ አድርጎ መቀባት፣ የተረፈውን በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ ያለ ጥድፊያ ቀናት መጠበቅ ነው፤ ጥሬው ዘይት ለመድረቅ ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨምድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ሲደርቅ በራሱ ሙቀት አምርቶ ሊቀጣጠል ይችላል። የመጋዝ ብናኝ ባለበት ቦታ ይህ ቤቱን ያቃጥላል። ጨርቁ ወይ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይ ውኃ ውስጥ ይነከር።

ስለ ስፋቱም እናንሣ። በገበያ ያለው የባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ጣውላ ጠባብ ነው። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሰፉ ሦስት ጣውላዎች በኮላ ተጋጥመው፣ ጠርዙ የሚቀረጸው በሁለቱ ዳርቻዎች ብቻ ሲሆን ለቤተሰብ የሚበቃ ገበታ ይወጣል። ጠባብ ጣውላዎች በመሆናቸውም አንድ ወጥ ሰፊ ጣውላ እንደሚጣመመው አይጣመሙም። መጋጠሚያውን ለመደበቅ ጅማታቸው የሚመሳሰል ጣውላዎች መምረጥ፣ የዳርቻዎቹም የቅርፊት ፊት ወደ አንድ በኩል መሆኑን መመልከት ይበቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልመለስ። «ይህ ማስመሰል ነው፤ ማስመሰል ደግሞ ውሸት ነው» የሚል ሰው አለ። አክብሬ እሰማዋለሁ፤ በእንጨት ሥራ ሐቀኝነት የሚወደድ ነገር ነውና። ግን ማስመሰልና ማታለል አንድ አይደሉም፤ የሁለቱን ልዩነት ከእኛ አገር ጠራቢዎች በላይ ያሳየ ብዙ አይገኝም። አክሱም ያሉትን ታላላቅ ሐውልቶች ተመልከቱ። በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. ዳግም የቆመው 24 ሜትር የሚረዝም ሐውልት በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ፣ በሩ፣ ከግንቡ ብቅ ብቅ የሚሉት የግንድ ጫፎች ሁሉ ከአንድ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው። ወደ ወሎ ስንመለስ በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ግድግዳው ላይ ገባ ወጣ የሚለው አግዳሚ ሽንሽን በእንጨትና በድንጋይ ተፈራርቆ የሚሠራ ግንብን ነው የሚያስመስለው፤ ራሱ ግን ከአለት የተፈለፈለ ነው። የሚያስመስለው ነገር እውነተኛ መልክ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ይታያል፤ እዚያ እንጨቱ እንጨት፣ ድንጋዩም ድንጋይ ነው። የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች ማንን አታለሉ? ማንንም። አለት መሆኑን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የእንጨት ቤትን መልክ ስለወደዱት፣ ባለው ቁስ ጠበቁት። በሌለ ግንድ ፋንታ ባለው ባሕር ዛፍ የግንድን ጠርዝ መቅረጽም ከዚያ ሐሳብ የተለየ አይደለም።

ማታለል የሚጀምረው ሻጩ አፉን ሲከፍት ነው። የባሕር ዛፍ ጣውላ ቀይ ቀለም ቀብቶ «ዋንዛ ነው» ያለ፣ በእጁ የቀረጸውን ጠርዝ «ከአሮጌ ግንድ የወጣ» ብሎ ዋጋ የጨመረ ሰው አታሏል፤ ጥፋቱ ግን የጠርዙ አይደለም። ደግሞም ፍርዳችን ሚዛን ይጠብቅ። ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ በተሠራ ኤምዲኤፍ ላይ የእንጨት ፎቶግራፍ ተለጥፎ በየቤታችን ገብቷል፤ የብረት በር እንጨት እንዲመስል ተቀብቶ ይሸጣል፤ ይህን ሁሉ ዝም ብለን አልፈን እውነተኛ እንጨት በእውነተኛ ሙያ የሚቀርጸውን የራሳችንን አናጢ ብቻ አስመሳይ ብንለው ፍትሕ አይሆንም።

የእንጨት ሥራን በመጽሐፍ የተከታተለ ሰው ደግሞ ሌላ ተቃውሞ ይዞ ይመጣል፤ የጆርጅ ናካሺማን ስም ይጠራል። ከጃፓን ወላጆች በአሜሪካ የተወለደው ናካሺማ (1905–1990 እ.ኤ.አ.) የግንድ ጠርዝ ያለባቸውን ጠረጴዛዎች በዓለም ያስከበረ ሰው ነው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ነፍስ እንዳለው ያህል ይናገራል። በእሱ ሚዛን የጠርዙ ውበት የዛፉ ሕይወት ታሪክ መሆኑ ነው፤ በሰው እጅ የተሠራ ጠርዝ ያ ታሪክ የለውም። ይህ እውነት ነው፤ አልክድም። የተሠራ ጠርዝ ዛፉ ያሳለፈውን ድርቅና ነፋስ አይናገርም። ግን የናካሺማን ሥራ መነሻ እናስታውስ። በ1942 እ.ኤ.አ. ጃፓናውያን አሜሪካውያን በግፍ ታጉረውበት በነበረው በሚኒዶካ ካምፕ፣ በአይዳሆ በረሃ፣ ከአንድ ጃፓናዊ አናጢ ጋር የሠራው በወዳደቀ ጣውላና በበረሃ ቁጥቋጦ ነበር። ጠርዙን የወደደው ያለውን እንጨት ሳያባክን ከማክበር ነው። ያንን መንፈስ ወደ አቀስታ ካመጣነው የሚነግረን ኮሶ ፈልጉ ብሎ አይደለም፤ በእጃችሁ ያለውን ባሕር ዛፍ አክብሩ ብሎ ነው። እዚህ ላይ ለየት ያለ ነገር ቢገጥም ግን አልከለክልም። ነፋስ የጣለው ዋንዛ፣ መንገድ ሲሠራ በፈቃድ የተነሣ ወይራ ቢገኝ ማገዶ ከሚሆን በጥንቃቄ ደርቆ የራሱን ጠርዝ እንደያዘ ቢሠራ ተገቢ ክብሩ ነው።

«ጣውላ ማባከን ነው» የሚለው ተቃውሞ ቀላል መልስ አለው። ከ25 ሳንቲ ሜትር ስፋት የሚጠፋው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቁራጩም ለምድጃ ይሆናል። እንዲያውም ይህ ሥራ የሚባክነውን የሚያድን ነው። ከቀጭን ግንድ የሚወጣ ጣውላ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎኑ ጥጉ ይጎድላል፤ መጋዙ ግንዱ ሲያልቅበት ወደ ቅርፊቱ ስለሚወጣ ነው። ገዢ ይህን ጣውላ ይንቃል፤ በርካሽ ይሄዳል ወይም ይነደዳል። ለጠርዝ ሠሪ ግን ከሁሉም የተሻለው ጣውላ እሱ ነው። ነጩንና ለስላሳውን አንሥቶ፣ የጎደለውን እንደ መነሻ ይዞ ሲቀርጽ ግማሹ ዛፉ የሰጠው፣ ግማሹ እጅ የሰጠው ጠርዝ ይወጣል። የተናቀው ጣውላ ከቀጥታው ይልቅ ውድ ሆነ ማለት ነው።

ገበያ አለው ወይ ለሚለው፣ ምግብ ጠረጴዛን ብቻ ባናስብ ይሻላል። ወሎ ቡና አዘውትሮ የሚጠጣበት አገር ነው፤ ረከቦት በየቤቱ አለ። ጠርዙ እንደ ግንድ የተቀረጸ ረከቦት ከአንድ አጭር ጣውላ ይወጣል፤ ስኒውና ጀበናው ሲደረደሩበት ያምራል፤ ወደ ከተማም ለመላክ አይከብድም። ለመደርደሪያ፣ ለዱካ መቀመጫ፣ በየመስጊዱና በየቤቱ ለቁርኣን ማስቀመጫ፣ በየደብሩ ለአትሮንስ መሠረት ይሆናል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚከራይ ክፍል በዝቷል፤ የሚፈልጉት ዕቃም አብሮ ይበዛል። ይህን ዕቃ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ከማስመጣት እዚሁ መሥራቱ ይሻላል።

ስለዚህ ለእናንተ ለአናጢዎች አንድ ልመና አለኝ። ኮሶ ወይም ዋንዛ ተቆርጦ ይምጣልኝ የሚላችሁን ደንበኛ እምቢ በሉት፤ ባዶ እጁን ግን አትሸኙት፣ በተራ ጣውላ የተሠራ ናሙና አሳዩት። ጠረጴዛውን ስትጨርሱ ገልብጡና ከሥሩ በማይጠፋ ቀለም ሁለት ነገር ጻፉበት፤ የእንጨቱን ስም፣ ከዚያም «ጠርዙ በእጅ የተሠራ» የሚል ቃል። ሥልጠና ለምትሰጡ የቴክኒክና ሙያ መምህራንም የምለው አለኝ። ተማሪው ቀጥ ያለ መላግን ከተማረ በኋላ የቀለበትና የጅማት ንባብን የትምህርቱ አካል አድርጉለት፤ መሣሪያው ሞረድ፣ መሮና የሽቦ ብሩሽ ነው፣ በጀት የሚያሳጣ አይደለም። ለገዢዎች ደግሞ የምላችሁ ይህ ነው፤ ጠረጴዛ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ከሥሩ አንብቡ፣ ካልተጻፈበት የምን እንጨት እንደሆነ ጠይቁ።